የሞተር ሳይክል ሞተር ለምትልኩ

ሰላም ወገኖች። ለወንድሙ ከውጭ አገር የሞተር ሳይክል ሞተር ሊልክ ያሰበው ልጅ «እንዴት አድርጌ ላሽገው?» ብሎ የጠየቀውን አየሁ። እኔም አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ ላለው ታናሽ ወንድሜ ልኬ ተቀጥቻለሁና ስማኝ። (አዲስ አበባ በ2011 መጨረሻ ሞተር ሳይክል ላይ እገዳ ጥላ የለም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። እሱ የሚነዳው ወደ ዱከም በኩል ነው።)

ሞተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ዙሪያውን ስፖንጅ ጠቅጥቄ፣ በጣውላ ሳጥን ዘጋሁት። በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ ሞጆ፣ ከሞጆ በአይሱዙ ቱሉ ዲምቱ። ለእረፍት ገብቼ ስለነበር ግቢ ውስጥ ራሴ ከፈትኩት። ስፖንጁ እንደ እንጀራ ሳስቷል። ሁለት የሲሊንደሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች ተሰብረው ሳጥኑ ሥር ተኝተዋል፣ የመርገጫ ማስነሻውም ጎብጧል። ወንድሜ ምንም አላለም። ዝም ብሎ ስብርባሪውን ለቀመ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ከባድ ብረት በስፖንጅ አይያዝም። ሞተሩ ሻንሲው ላይ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች አሉት አይደል? በነሱ በኩል በአንግል ብረት ከሳጥኑ ወለል ጋር እሰረው። ቡሎኑ ጣውላውን በስቶ ይውጣ፣ ከታች ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ይግባለት። በቪቴ ብቻ ከያዝከው መንገድ ላይ ይነቀላል። ክብደቱ በክንፎቹም ሆነ በዘይት ቋቱ ላይ እንዳያርፍ። ከዚያ ሳጥኑን ሁለት ሆናችሁ ነቅንቁት፤ ድምፅ ከሰማህ ገና ነው።

ክዳኑን በሚስማር አትምታ። ጉምሩክ ከፍቶ ሊያይ ይችላል፣ በፌሮ የተገነጠለ ሳጥን ደግሞ በደንብ አይዘጋም። በቪቴ ዝጋው።

እንጨቱን ከሰፈር ግንባታ ለቅመህ እንዳትሠራበት። ጥሬ ጣውላና ሞራሌ ውስጥ ነቀዝ ስለሚሄድ፣ መሃሉ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ የተሞቀ እንጨት ይፈለጋል፤ የስንዴ ዛላ ምልክት ያለበት ማኅተም ይመታበታል። ኮምፔርሳቶ ግን ሲሠራ በሙቀት ስለሚጣበቅ ይህ አይመለከተውም። እኔ በኋላ ሌላ ሞተር ስልክ የሁለተኛውን ሳጥን ወለሉን ማኅተም ካለው ፓሌት፣ ጎኑን ከኮምፔርሳቶ ሠራሁት።

ዘይቱንና ቤንዚኑን ጨርሰህ አውጣ፣ ካርቡራተሩም ይድረቅ። በአውሮፕላን የምትልክ ከሆነ በተለይ፣ ውስጡ ነዳጅ የተረፈበት ሞተር ዩኤን 3528 በሚል ቁጥር አደገኛ ዕቃ ውስጥ ይመደባል። ካንዴላውን ነቅለህ ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምር፣ በእጅ አዙረው፣ ካንዴላውን መልስ። የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) እና የካርቡራተሩን አፍ በፕላስቲክ ክዳን ድፈን። ጨርቅ ከሆነ ጫፉ ወደ ውጭ ረዝሞ ይታይ፣ ውስጥ ተረስቶ ሞተሩ ቢነሳ ጉድ ነው። የቀይ ባሕር ወበቅ ብረቱን ያልበዋል። ዝገት በሚከላከል ፕላስቲክ ጠቅልለህ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ጣልበት።

የሞተሩን ቁጥር ፎቶ አንሳ፣ ደረሰኙ ላይም ያው ቁጥር ይጻፍ። ቀረጡን ግን ከመላክህ በፊት ወንድምህ እዚያው ይጠይቅ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ሁለተኛው ሞተር ሲደርስ ወንድሜ ከደስታው ብዛት ሊረግጠው ነበር፣ ያስቆመው ማስነሻው ላይ በሽቦ ያሰርኩት ካርቶን ነው። በትልቁ «ዘይት የለውም!» ብዬ ጽፌበት ነበር።