በኪራይ ሰርቨር ላይ የሚሠራው የእድራችን መልእክት ማስተላለፊያ ሌሊት ይቆማል

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የእድራችን ጸሐፊ በቴሌግራም የሚልከውን የለቅሶ ማስታወቂያ ተቀብሎ፣ ስማርት ስልክ ለሌላቸው አባላት በአጭር መልእክት የሚያደርስ የፓይተን ፕሮግራም አለኝ። ያለው 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው፣ ኡቡንቱ በተጫነበት የኪራይ ሰርቨር ላይ ነው። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያ መንገድ) ገብቼ ሳስጀምረው ግንኙነቱ ሲቋረጥ አብሮ ይቆም ስለነበር ግንኙነቱ ቢቋረጥም ፕሮግራምን ወደሚያስቀጥለው ቲመክስ አዛወርኩት፤ ለሳምንታትም ሠራ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቆሞ ያወቅሁት ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ቀብሩ 6 ሰዓት ላይ ነበር፤ ሁለት እናቶች ሳይሰሙ ቀሩ፣ እጅግም አዘኑ። እንዳይደገም ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
ነፍስ ይማር። ቲመክስ ከግንኙነት መቋረጥ ያድናል እንጂ የወደቀን ፕሮግራም አያነሣም። ሥራውን በኡቡንቱ ውስጥ አገልግሎቶችን ለሚያስነሣውና ለሚቆጣጠረው ሲስተምዲ ይስጡትና በአገልግሎቱ ፋይል ውስጥ "ሪስታርት" የሚለውን "ኦልዌይስ" ያድርጉት። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሲስተምዲ ካልተነገረው በስተቀር በ100 ሚሊሰከንድ ልዩነት እየደጋገመ ስለሚያስነሣና በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ስለሚተወው፣ ኔትወርክ ለግማሽ ደቂቃ ቢጠፋ እንኳ ፕሮግራሙ ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የመጠበቂያውን ጊዜ 10 ሰከንድ ያድርጉት። ሰርቨሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣም "ኢኔብል" ማድረግዎን አይርሱ። የቆመበትን ምክንያት በጆርናሉ (በሲስተምዲ የክንውን መዝገብ) ሲፈልጉ ደግሞ የሰርቨሩ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ከሆነ የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት እዚያ 00:00 መሆኑን ያስቡ።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን መነሣት ብቻ መልእክቱን አያድነውም። ቴሌግራም ያልተወሰደ መልእክት የሚያቆየው እስከ 24 ሰዓት ነው፤ ቦቱ (በቴሌግራም በኩል መልእክት የሚቀበለው ፕሮግራምዎ) የቀጣዩን መልእክት ቁጥር ጠቅሶ በጠየቀ ጊዜ ደግሞ የቀደመው እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ፕሮግራምዎ ይህን ካደረገ በኋላ፣ ግን ለአባላቱ ሳይልክ ቢወድቅ፣ ማስታወቂያው ለዘለዓለም ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በዲስክ ላይ በትንሽ ዳታቤዝ ይመዝግቡት፣ ለየትኛው አባል እንደ ተላከም ስልክ በስልክ ምልክት ያድርጉ፤ አለበለዚያ በተነሣ ቁጥር ለአንድ ሰው አንዱን መርዶ ደጋግሞ ይልካል። በቲመክስ ያለውንም አስቀድመው ይዝጉ፤ ሁለት ቅጂ በአንድ ቶከን (የቦቱ መለያ ቁልፍ) መልእክት ሊወስዱ ሲሞክሩ ቴሌግራም ስሕተት 409 ይመልሳል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልክ 00:00 ላይ ከርነሉ (የኡቡንቱ እምብርት) በሜሞሪ እጥረት ፓይተንን እንደ ገደለው ጆርናሉ ላይ ተጽፎ አገኘሁ፤ በዚያው ደቂቃ የሚጀምር የባክአፕ ሥራ ነበረኝ። 2 ጊጋባይት ስዋፕ (ሜሞሪ ሲያንስ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምሬ ወደ ሲስተምዲ አዛወርኩት። ከዚያም ፕሮግራሙን ሆን ብዬ ገደልኩት፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ ተነሣ። ሰርቨሩን አጥፍቼ ሳስነሣውም ሳልገባበት ሥራውን ጀመረ። ዛሬ ማታ የዳታቤዙን ምዝገባ እጽፋለሁ፤ እስኪያልቅ ድረስ ጸሐፊው ለሁለቱ እናቶች በስልክ እንዲደውልላቸው ተስማምተናል።