ለአሮጌ መኪና ቀበቶ ማስገጠም ለምትፈልጉ የጎንደር ሰዎች፦ የሞከርኩት፣ የተውኩትና የምጠቁመው

ባለፈው ቅዳሜ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ አንድ ባጃጅ ጎኔ ቆመ። ውስጡ የተቀመጠ ልጅ አንገቱን አስግጎ "ቮልስ ቀበቶ አለው እንዴ?" አለኝ። አዎ፣ የኔው አሁን አለው። ሲገዛ ግን አልነበረውም። አባቴ ሠላሳ ዓመት ያለ ቀበቶ ነድቶታል፤ እኔም ከሱ ተረክቤ ሁለት ዓመት እንደዚያው ነዳሁት። ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪና ያላቸው ሦስት አራት ሰዎች የት አስገጠምክ፣ ምን ገዛህ እያሉ ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንድ ላይ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ሕጉ። "አሮጌ መኪና ላይ ቀበቶ አይጠየቅም" የሚል ወሬ አለ። ወሬው ከውጭ የመጣ ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1965 በፊት የተሠራና ከፋብሪካ ያለ ቀበቶ የወጣ መኪና ቀበቶ እንዲያስገባ አይገደድም። ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን ነግሮኝ ትንሽ ተደላድዬ ነበር። የቀረውን ግን አልነገረኝም። እዚያው አገር ቀበቶ በሌለው መኪና ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን መጫን ክልክል ነው። ከ3 ዓመት በላይ ያለ ልጅም ከኋላ ወንበር ብቻ ነው የሚቀመጠው። ለማንኛውም የነሱ ሕግ ለነሱ ነው። እኛ ዘንድ ቀበቶ ሳያስሩ ማሽከርከር በትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ጥፋት ተብሎ ተቀምጧል። ትራፊክ ሲያስቆማችሁ "ሲወጣም አልነበረውም" የሚለው መልስ ያድነኛል ብላችሁ አትመኩ።

ደግሞ እኔን ያስነሳኝ ቅጣቱ አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግንብ ጋር የተላተመ ሰው፣ ከሦስተኛ ፎቅ ግድም እንደወደቀ ቁጠሩት። የኔ ቮልስ እ.ኤ.አ. የ1967 ነው። ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ለፊት ጌጆቹ ያሉበት ሰሌዳ) ብረት ነው። የመሪው ዘንግ ሲመታ የሚታጠፍ አይደለም፣ ቀጥ ብሎ ደረት ላይ ያነጣጥራል። የቤንዚን ታንከሩ ደግሞ ከፊት ነው ያለው። አዲስ መኪና ላይ ቀበቶ ከብዙ መከላከያዎች አንዱ ነው፤ እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ግን ያለው መከላከያ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቀበቶ የሚይዘው የታሰረበት ቦታ የያዘውን ያህል ነው። ይህንን የተማርኩት ገንዘብ ከፍዬ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ (ስሙን አልጠራም) በአንድ ከሰዓት ጨርሶ አስረከበኝ። ያምር ነበር። ቤት ስደርስ ታናሽ ወንድሜ ወንበሩ ላይ እግሩን አስደግፎ ቀበቶውን በሁለት እጁ ሳብ አደረገው። ከወለሉ በኩል "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማን። ምንጣፉን ስገልጠው ቡሎኑ ዙሪያ ያለው ላሜራ እንደ እንጀራ ጠርዝ ወደ ላይ ተቀልብሷል። ሥሩ ተራ ሮንዴላ (ከቡሎን ሥር የምትገባ ትንሽ የብረት ቀለበት) ብቻ ነበር። የወንድሜ ጉልበት ያስነሳውን ነገር ግጭት ምን ያደርገው ነበር? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለሁለት ዓመት እናቴን በዚያ መኪና ቁስቋም አድርሻታለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ፦ ቀበቶ ከመግዛታችሁ በፊት ቦዲ ሠሪ ፈልጉ። መካኒክ ሳይሆን ቦዲ ሠሪ። ጎንደር ውስጥ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ሞክሬያለሁ። ሞተርና ፍሬን የሚሠሩት ጋራዦች ፈጣን ናቸው፤ ግን ወለሉን አይመረምሩም፣ ትራፓኖ አንስተው መብሳት ነው። ወንበር የሚያለብሱት ደግሞ እጃቸው ንጹሕ ነው፤ የቀበቶው አወራረድ ላይና ምንጣፉን መልሶ መሸፈን ላይ ማንም አይደርስባቸውም። ብረቱን ግን አያውቁትም፣ አናውቀውም ብለውም በግልጽ ነግረውኛል። አመስግኛቸዋለሁ። ሥራው የተዋጣልኝ በአዘዞ መንገድ ላይ ቦዲና ብየዳ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጋ ነው። ገና ሳልጨርስ "ልጄ፣ መጀመሪያ ዝገቱን እንይ" አሉኝ። ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው ወለሉን እያስነኩ ሄዱ። ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስንደርስ ማግኔቱ አልያዘም። ብረት ሳይሆን ስቱኮ (ቀዳዳ የሚደፈንበት ለጥፍ) ነበር። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ አሲዱ ከሥር በልቶታል፣ የኛ ክረምት ደግሞ ከላይ ጨርሶታል። ቮልስ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ያንን ቦታ እዩት።

ባለሙያ ስትመርጡ እነዚህን ጠይቁ። "ከላሜራው ሥር ምን ታደርጋለህ?" በሉት። መልሱ "ሮንዴላ" ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ መዳፍ የሚያህል፣ ጠርዙ የተሞረደ ብረት ከወለሉ በታች በኩል መግባት አለበት። ጉልበቱን የሚበትነው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ "መሐሉ ላይ ባለው ጎርባጣ በኩል ትበሳለህ?" በሉት። የቮልስ የቤንዚን ቱቦ በዚያ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሳያይ የሚበሳ ወይም የሚበይድ ሰው መኪናችሁን ያቃጥላል። ሦስተኛ፣ ብየዳ ሲኖር ቀበቶው ከመኪናው ይውጣ። አንዲት ፍንጣሪ ክሩን ታቀልጠዋለች፣ ከሩቅ ደግሞ አትታይም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወጡ ብዙ ቮልሶች ፋብሪካው ራሱ ያዘጋጀው የቀበቶ ቀዳዳ አላቸው። በሁለቱ በሮች ጎን ባለው ምሰሶ ላይ፣ ከትከሻ ከፍ ብሎ፣ ክብ ነገር በእጃችሁ ፈልጉ። የኔው በሦስት ዙር ቀለም ተደፍኖ ነበር። አዛውንቱ በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ቀለሙ እንደ ሳንቲም ተላቆ ወደቀ። ውስጡ ጥርሱ ያብረቀርቃል፣ ሃምሳ ዓመት አልፎት ቅባቱ እንኳን አልደረቀም። አባቴ አይቶት "እዚሁ ነበር እንዴ!" አለ።

ቀዳዳው ካላችሁ ቡሎኑ ላይ ተጠንቀቁ። የመኪና ቀበቶ ቡሎን ባብዛኛው 7/16 ኢንች ነው፣ ጥርሱም ደቃቅ ነው። ጎንደር ሱቆች የምናገኘው የሚሊሜትሩን ነው። 10 ቁጥር ገብቶ ይወዛወዛል። 12 ቁጥር አይገባም፣ አንዳንዱ ግን በግድ ይጠመዝዘውና የፋብሪካውን ጥርስ ይጨርሰዋል። እኔ ቡሎኑን ያገኘሁት ከአሮጌ መኪና ላይ ከተፈታ ቀበቶ ጋር ነው። ስለዚህ ቀበቶ ስትገዙ "ከነቡሎኑ" በሉ።

ቀበቶው ራሱስ? ገበያ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሆድ ላይ ብቻ የሚታሰረው ርካሽና ለመግጠም ቀላል ነው። ከፊት ወንበር አልመክረውም። ወገብን ይይዛል፣ ጭንቅላት ግን ሄዶ ክሩስኮቱን ይመታል። ለኋላ ወንበር መሐል ከምንም ይሻላል።

ሦስት ቦታ የሚታሰረውን፣ ትከሻና ወገብ የሚይዘውን፣ ለመኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1959 ኒልስ ቦሊን የሚባል የቮልቮ መሐንዲስ ነው። ኩባንያው ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ዛሬ ሁላችንም መኪና ላይ የምናየው እሱ ነው። ይህ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መጠቅለያ የለውም፣ እንደ ሱሪ ቀበቶ ለሰውነታችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ሌላው ራሱ ይጠቀለላል፣ ድንገት ሲሳብ ይቆልፋል። እኔ የመረጥኩት የመጀመሪያውን ነው። ለምን? የበጋው አቧራ የሚገባበት መጠቅለያ የለውም፣ ዘንበል ብሎ ተገጥሞ ይሆን ብዬም አልጨነቅም። የሚጠቀለለው መጠቅለያ በተሠራበት ማዕዘን ልክ ካልተገጠመ ወይ ሁልጊዜ ይቆልፋል ወይ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይቆልፍም። የኔው ጉድለት እንዳለው አልክድም። አንዴ ከታሰራችሁ የመብራት ማብሪያው ላይ መድረስ ያስቸግራል፣ ሰው በተቀያየረ ቁጥርም ማስተካከል ግድ ነው። መኪናውን ባልና ሚስት እየተቀያየሩ የሚነዱት ከሆነ የሚጠቀለለው ይሻላል። ያለዚያ ልቅ አድርጎ ማሰር ይለመዳል፣ ልቅ ቀበቶ ደግሞ የጎድን አጥንት ይሰብራል።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈቱ መኪኖች የወጣ ቀበቶ ይገኛል። እዚህም ከተፈታ ቪትዝ ላይ አውጥተው ይሸጣሉ። በጣም ጠንቀቅ በሉ። መኪናው ለምን እንደተፈታ አስቡት። ተጋጭቶ ከሆነ ቀበቶው ሥራውን ጨርሷል፣ ሁለተኛ አይሠራም። እስከ መጨረሻው ዘርግታችሁ እዩት። ክሩ የተሳሳበት፣ የተኮማተረ ወይም በግጭት ሙቀት ያብለጨለጨ ቦታ ካለ ተዉት። መጠቅለያው ላይ ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ ካያችሁም ተዉት። እሱ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚስብ ትንሽ ፈንጂ በውስጡ አለው፣ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ነው የሚሠራው፣ ቮልስ ላይ ምንም አይሠራላችሁም። የሚታመነው ቀበቶ ላይ የተሰፋ ምልክት አለ፤ ክብ ውስጥ የእንግሊዝኛው E ፊደል፣ አጠገቡ ቁጥር። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይህንን ምልክት እያያችሁ አዲስ ማስመጣት ከሁሉ ይሻላል። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም።

ከጭነት ማሰሪያ የተሰፋ "ቀበቶ" የሚሸጡም አሉ። ትራፊክ ለማታለል ነው። አትግዙት። በፍጹም።

ላንድሮቨር ያላችሁ ወዳጆች፣ የእናንተ ጉዳይ ለብቻው ነው። የአጎቴን አይቼዋለሁ። አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ ብረቱ ሻንሲው (ከሥር አካሉን የተሸከመው አጽም) ነው። አሉሚኒየሙ ላይ የታሰረ ቀበቶ እንደ ወረቀት ነው የሚቀደደው። ቡሎኑ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝ ብረት መድረስ አለበት። ከኋላ ጎን ለጎን ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ደግሞ የትከሻ ቀበቶ አይገጠምም፣ በግጭት ጊዜ አንገት ይዞ ሊጎዳ ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ እዚያ ልጅ አይቀመጥ። ለደባርቅ መንገድማ፣ ከዚያም ሊማሊሞን ለምትወርዱ፣ ጭራሽ።

ቶዮታ ዲኤክስ ያላችሁ ደግሞ ቀበቶው አብሮ ስለመጣ ተገላግለናል አትበሉ። ፀሐይ የበላው ክር ቀለሙ ይነጣል፣ ሲነኩት ይሻክራል። እሱ ይቀየር። ቆሽሾ ከሆነ በለብታ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ በረኪና ግን አታስነኩት።

ሠርግ ላይ መኪናችንን የምናከራይ ሰዎች አንድ ነገር እንስማማ። ከቤተክርስቲያን እስከ ፋሲል ግንብ ፎቶ ድረስ መንገዱ አጭር ነው እንላለን። ሙሽራዋ ቬሎዋ እንዳይጨማደድ ቀበቶ አታስርም፣ ሦስት ሚዜ ከኋላ ይታጨቃል። ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ ግን አህያ ወይም ባጃጅ ድንገት ይገባል፣ የኛ ፍሬን ደግሞ ከበሮ ነው፣ እንደ አዲሶቹ አይዝም። እኔ አሁን ከመነሳቴ በፊት ለሙሽራው በግልጽ እነግረዋለሁ። የታችኛው ቀበቶ ከሆድ ዝቅ ብሎ ዳሌ አጥንት ላይ፣ የላይኛው ትከሻ አጥንት ላይ። ቬሎውም አይበላሽም፣ ከሥሩ ነው የሚያልፈው። እስካሁን አንድም ሙሽራ እምቢ አላለችኝም። ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው።

ቀበቶ ስታስገጥሙ የወንበሩን ሐዲድም አስፈትሹ። ቮልስ ላይ ማቆሚያው ካለቀ ወንበሩ ተንሸራቶ ይወጣል። የኔው ሊወጣ ጥቂት ነበር የቀረው።

የኔ የፊት ሁለቱ አልቀዋል። ወንድሜ እንደገና እግሩን አስደግፎ በሙሉ ጉልበቱ ስቦታል፣ ንቅንቅ አላለም። የኋላውን ከጥምቀት በፊት ማስጨረስ እፈልጋለሁ፣ እህቴ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። አራት ባለ 7/16 ቡሎን ይቀረኛል። ጎንደር ውስጥ፣ ካልሆነም ባሕር ዳር፣ ሲሸጥ ያየ ሰው ካለ የት እንደሆነ ጠቁሙኝ።