የ300 ጊጋኸርትዝ ማገናኛ፦ የትኛውን ቻናል ልምረጥ?

ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በሁለት ሕንጻዎች ጣሪያ መካከል፣ በ100 ሜትር ርቀት፣ በሰከንድ 100 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ ገመድ አልባ ማገናኛ እያሰላሁ ነው። መነሻዬ በ2017 የወጣው የአይ ትሪፕል ኢ (የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር) 802.15.3ዲ የተባለ የፈጣን ገመድ አልባ ግንኙነት ደረጃ ነው። በደረጃው ውስጥ ያለው ሰፊው ቻናል (የድግግሞሽ መስመር፣ ስፋቱ 69.12 ጊጋኸርትዝ) ያጓጓል፤ ነገር ግን ከ252.72 እስከ 321.84 ጊጋኸርትዝ ስለሚዘረጋ ከ296 እስከ 306 ያለውን ክልል ያቋርጣል። የ2019ኙ የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ይህንን ክልል ያለ ልዩ ቅድመ ሁኔታ አልፈቀደውም። ምድርን የሚቃኙ ሳተላይቶች በዚህ ክልል እጅግ ደካማ ጨረር ስለሚለኩ ጥበቃው ተገቢ ነው፤ ልጥሰውም አልፈልግም።

በ278.64 የሚያበቃውን የ25.92 ጊጋኸርትዝ ቻናል ብወስድ 64 ደረጃ ያለው ሞዱሌሽን (ዳታን በሞገዱ ላይ የመጫን ዘዴ) ግድ ይሆናል። በ100 ሜትር የሚጠፋው ኃይል ብቻውን 122 ዴሲቤል ያህል ነው፤ የኦሲሌተሩ (ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል) የፌዝ ጫጫታ፣ ማለትም የሞገዱ ጊዜ መዋዠቅ፣ ሲታከልበት ስሌቴ አልቆም አለኝ። በዚህ ድግግሞሽ የሠራችሁ፣ የጫጫታውን መጠን እንዴት ገመታችሁት? ወይስ ሁለት ጠባብ ቻናሎችን ጎን ለጎን መጠቀም ይሻላል?