የሙዚቃ ሸክላዎቻችንን የት እናኑራቸው? የድሬዳዋ ማኅበራችን የጋራ ጥያቄ ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ድሬዎች። ባለፈው የተነጋገርንበት ረቂቅ ይኸው፦ «አባላት እጅ ያሉትን ሸክላዎች ወደ ኮምፒውተር ገልብጠን በአንድ ሃርድ ዲስክ እናስቀምጣለን። ለዚህ የሚሆን አንድ ክፍል የከተማው አስተዳደር እንዲሰጠን እንጠይቃለን።» እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡ፣ አርብ አስገባዋለሁ። እንደለመድነው በሰፈር ስም ጻፉ።

ሳቢያን፦ አቦ እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። ዘፈኑ ከሆነ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ክፍል መለመን ለምን አስፈለገ?

ለገሃሬ፦ ልጄ፣ ዩቲዩብ ላይ ካለው ብዙው ከካሴት የተገለበጠ ነው። ካሴቱ ደግሞ ከሸክላ። ባትሪው በደከመ ቴፕ የተቀዳ ዘፈን ሲጫወት ይሮጣል። የምናውቀው ጎልማሳ ዘፋኝ የልጅ ድምፅ ያወጣል፣ ዛሬ የሚሰማው ሰው ደግሞ ድሮም እንዲህ ነበር ብሎ ያምናል። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር እኮ እዚህ ማተሚያ አልነበረም። ሕንድ ተልኮ ነው የታተመው። በ1970ዎቹ ካሴቱ መጣና ሸክላው አልጋ ሥር ገባ። የቀረው በየቤቱ ያለው ነው።

ደግሞ ዘፈኑ ብቻ አይደለም። እኔ ጋ አንዲት 45 አለች፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረዋ ትንሽዋ ሸክላ። መሃሏ ያለው ወረቀት ላይ የድሮ ባለቤቷ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሙን ጽፎ ከሥሩ «ምድር ባቡር» ብሎበታል። አንዱ ጠርዟ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አለ። ይኼን በምን ትገለብጠዋለህ?

ሳቢያን፦ በፎቶ 😄 እሺ ጋሼ፣ ገባኝ።

ግሪክ ካምፕ፦ ቀልድህ እውነት ነው። ፎቶውም ረቂቁ ውስጥ ይግባ፦ ሽፋኑ፣ የሁለቱም ገጽ ወረቀት፣ ከወረቀቱ አጠገብ ሸክላው ላይ የተፈለፈለው ቁጥር። ስለ መገልበጡ ደግሞ፣ ኤምፒ ስሪ ለስልክ ይሁን እንጂ ለማኖር አይሆንም። ፋይሉን የሚያሳንሰው ከድምፁ ላይ ቆርጦ እየጣለ ነው፣ የተቀነሰውም አይመለስም። ምንም በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በዋቭ፣ 96 ኪሎ ኸርዝ በ24 ቢት ጥራት እንቅዳ። አንድ ደቂቃ 35 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። የአንድ 45 ሁለት ገጽ 8 ደቂቃ ቢሆን 280 ሜጋባይት አይሞላም። መቶ ሸክላ 28 ጊጋባይት ግድም ነው። ስለዚህ ቦታ አያስጨንቀንም።

የሚያስጨንቀኝ «በአንድ ሃርድ ዲስክ» የሚለው ነው። የእኔ ሃርድ ዲስክ አምና ከጠረጴዛ ወድቆ የልጄን ልደት ይዞ ሄደ። ሦስት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ ከድሬ ውጭ።

ነምበር ዋን፦ ቅጂው ብቻ ለምን? ሸክላዎቹስ ሐረር ቢቀመጡ? ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ቀዝቃዛ ነች። የድሬ ሙቀት ሸክላ ያጣምማል።

መጋላ፦ እንዴ! ሸክላውም ሊሰደድ?

ለገሃሬ፦ ዓሊ ቢራን ያፈራች ከተማ ሸክላዋን ወደ ዳገት አትልክም። ይኼ ይሰረዝ።

ነምበር ዋን፦ እሺ አቦ፣ አይሰደድ። ግን ሙቀቱ ምን ይደረግ?

መጋላ፦ ሙቀቱን ከእኔ ጠይቁ። ሁለት ትልልቅ ሸክላ ገዝቼ ከከፊራ ገበያ ስመለስ ባጃጁ ወንበር ላይ አስተኝቼ ለምሳ ወረድኩ። ፀሐይ ዞራ አገኘቻቸው። ስመለስ አንዱ እንደ ቂጣ ጠርዙ ተነስቷል። ማጫወቻ ላይ ስጭነው መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ ክራሩም አብሮት ያለቅሳል። ብልጥ ነኝ ብዬ በሁለት መስታወት መሃል አድርጌ መልሼ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ጭራሽ መስመሩ ሟሸሸ።

እንግዲህ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ቢሰጡን እምቢ እንበል። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ የከዚራ ሰፈር ቤት ይሻላል። ሸክላው ቆሞ ይቀመጥ፣ እንደ መጽሐፍ። ተደራርቦ ከተኛ የታችኞቹ ይጎዳሉ። ታችኛው መደርደሪያ ደግሞ ከወለል ከፍ ይበል። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የረሳ አለ?

ጸሐፊዋ፦ ማንም አልረሳም። ተጨምሯል።

ግሪክ ካምፕ፦ አጠባውን እንዳንዘነጋ። በቧንቧችን ውሃ አትጠቡ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ሸክላው መስመር ውስጥም ይገባል። ከጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሻላል፣ አሲድ የሌለበት መሆኑን አይታችሁ። አልኮል ጠብ ማድረግ ለ45 እና ለትልልቆቹ 33 ችግር የለውም። በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞሩት በድሮዎቹ ላይ ግን እንዳትሞክሩት! እነሱ ከሌላ ነገር የተሠሩ ናቸው፣ አልኮል ያሟሟቸዋል። መርፌያቸውም ለብቻ ነው፣ ወፈር ያለ።

ለገሃሬ፦ አንዱን 78 በአልኮል የፈጀሁት እኔ ነኝ። ጥጡ ጥቁር ሲሆን ቆሻሻው ለቀቀ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሳቢያን፦ 😂 ይቅርታ ጋሼ። አንድ ጥያቄ፦ ከገለበጥን በኋላ ኢንተርኔት ላይ እንለቃለን?

ጸሐፊዋ፦ አንለቅም። በአዋጅ 410/1996 የደራሲ መብት ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ባለመብቶችን ሳናስፈቅድ ለሕዝብ አናሰራጭም። ክፍላችን መጥቶ ማዳመጥስ? እሱንም ጠይቄ እጽፋለሁ።

የተሻሻለው ይኸው፦ «አባላት ሸክላዎቻቸውን በዝርዝርና በፎቶ ያስመዘግባሉ። ባለቤትነቱ የአባሉ ሆኖ ይቀጥላል። ሙቀት የማያጠቃው ክፍልና ከወለል ከፍ ያለ የቁም መደርደሪያ እንጠይቃለን። ቀጥሎ እንገለብጣለን፣ በሦስት ቅጂ። ከተገለበጠ በኋላም ሸክላው አይጣልም፣ አይሸጥም።»

ለገሃሬ፦ «አይሸጥም» የሚለውን አውጪው። የሰው ንብረት ነው። «ከመሸጡ በፊት ለማኅበሩ ይንገር» በይ።

ጸሐፊዋ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ተስተካክሏል። ቅዳሜ 9 ሰዓት የመጀመሪያውን ምዝገባ እኔ ቤት እንጀምር፣ የሚጠጣው ሆጃ በእኔ። መጋላ፣ ሸክላ ይዘህ ከመጣህ ጭንህ ላይ አቁመህ ያዘው።

መጋላ፦ በእግሬ ነው የምመጣው።