የተጎዳች የቫሳ ሞዴል ገዛሁ፤ ሰማያዊ እንደሆነች ልተዋት ወይስ ቀይ ልቀባት?

የሎፒስ ወዳጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ስዊድን ያላችሁ ሎፒስን ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ፣ ሰው ያረጀ ዕቃውን አውጥቶ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ባለፈው እዚህ ስቶክሆልም ሚስቴ ድስት ስትመርጥ እኔ የቫሳን፣ የድሮዋን የስዊድን የጦር መርከብ፣ ሞዴል አየሁና ይዤ ገባሁ። ከእንጨት የተሠራች ናት፣ መስታወት ሳጥንም አላት፤ ይዞታዋ ግን አያድርስ ነው።

ከፊቷ ወጣ ብሎ የሚታየው ምሰሶ ከሥሩ ተሰብሯል። ገመዶቹ ግማሾቹ ተበጥሰዋል፣ የቀሩትም ሲነኳቸው ይፈረፈራሉ። ሸራ የሚባል ነገር የለም። መድፎቹ ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት ወጥቷል፣ ሻጋታ መሰለኝ። ወገቧ ላይ ስፋቷን ስለካ 15.5 ሴንቲ አካባቢ ነው።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ቀለሟ ነው። የኋላዋ ቅርጻ ቅርጽ ወርቃማ፣ መደቡ ሰማያዊ ነው። ቫሳ ሙዚየም ያለችው ትልቋ ሞዴል ግን ቀይ ናት። የቱ ነው ልክ? ፍቄ ቀይ ልቀባት ወይስ እንዳለች ትቀመጥ? ሞዴል ሠርቼ አላውቅም፣ ግን እጄ ሥራ አይፈራም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

አናጢው፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ጥሩ ዕቃ ነው የገጠመህ። ቀለሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ መድፎቹን በባዶ እጅህ አትንካ!

ያ ነጭ ዱቄት ሻጋታ አይመስለኝም። የድሮ ሞዴል ሠሪዎች መድፍና መልሕቅ ከእርሳስ (ሊድ ከሚባለው ብረት) ያፈሱ ነበር። እንጨት ደግሞ፣ በተለይ ኦክና ኮምፔንሳቶ፣ አሲድነት ያለው ትነት ያወጣል። ሳጥኑ ተዘግቶ ለዓመታት ሲቆይ ትነቱ መውጫ አጥቶ እርሳሱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ዱቄቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። መርዝ ነው። እፍ አትበለው፣ በደረቅ ብሩሽም አታራግፈው፣ ልጆች ካሉህ ክፍሉ አይግቡ። ጓንትና ማስክ አድርገህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁንም በፌስታል ቋጥረህ አደገኛ ቆሻሻ ከሚሰበሰብበት ጣለው። እርግጠኛ ለመሆን አንዱን መድፍ ወረቀት ላይ ጫር አድርገው፤ ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ ነው። ከሆነ ነቅለህ በናስ ለውጣቸው። እንዲያውም ያንተ መድፎች ጥቁር የተቀቡ ከሆኑ የናሱ ይሻላል፤ የእውነተኛዋ መርከብ መድፎች ከነሐስ የተፈሰሱ ነበሩ። ሳጥኑንም መልሰህ የምትጠቀም ከሆነ ከሥሩ አየር መግቢያ ብሳው።

ስፋቱን መለካትህ ጎበዝ። እውነተኛዋ ቫሳ 11.7 ሜትር ትሰፋለች። ያንን ባንተ 15.5 ሴንቲ ስታካፍለው 75 አካባቢ ይመጣል፣ ስለዚህ 1 ለ75 ናት። በርዝመቷ ሄደህ ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ ይበላሽብህ ነበር፤ 69 ሜትር የሚባለው ያን የፊቱን ምሰሶ ጨምሮ ነው፣ ያንተው ደግሞ ተሰብሯል። ተጠግና ስታልቅ 92 ሴንቲ ትረዝማለች፣ ከሥር እስከ ምሰሶ ጫፍ ደግሞ 70 ሴንቲ። መደርደሪያውን ካሁኑ አስብበት፣ ባለቤትህንም አስፈቅድ ሃሃ።

ለአቧራው፣ የቫኪዩሙን አፍ በስስ ጨርቅ እሰረው፣ የተነቀለች ቁራጭ ብትኖር እንዳይውጥብህ። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ወደሱ ገፋ ገፋ ማድረግ ነው። የተጣበቀውን እድፍ በጥጥና በምራቅ ጥረገው። አትሳቅ፣ ሙዚየም የሚሠሩ ጠጋኞችም ይጠቀሙበታል፤ ምራቅ ቅባትና እድፍ ይፈታል፣ ቀለም ላይም አይጨክንም። ብቻ አንዴ መርከቧን የነካ ጥጥ ወደ አፍህ እንዳይመለስ። መድፎቹ ከነዱቄታቸው ሳይነሱም አትጀምረው።

ቀለሟ፦

የቀለሙን እኔ ልመልስ፣ እዚሁ ስቶክሆልም ነው ያለሁት፣ ሙዚየሙን ከቤቴ አልለየውም።

ቫሳ የሰጠመችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628 ነው፣ ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ ሳትሄድ። ከውሃ የወጣችው ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ውሃ ውስጥ ቆይታ ስትወጣ ቀለሟ ታጥቦ አልቋል፣ እንጨቱም ጠቁሯል። ያኔ ሰማያዊና ወርቅ ነበረች ተብሎ ታመነ፣ ሞዴል የሚሠራም ሁሉ እንደዚያው ቀባት። ቆይቶ ግን ቅርጻ ቅርጾቹ ስንጥቅ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ቀለም በአጉሊ መነጽር ስትመረመር መደቡ ቀይ ሆኖ ተገኘ። ምስሎቹም ወርቅ ብቻ አልነበሩም፤ የሰው ገላው የሰው መልክ፣ ልብሱ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብቻ ድምቅምቅ ያሉ ነበሩ። ሙዚየም ያየሃት ትልቋ የ1 ለ10 ሞዴል የተቀባችው በዚህ ነው።

እና ልክ የቱ ነው ካልከኝ ቀዩ ነው። ግን አትፋቃት! ያንተዋ ሰማያዊ መሆኗ ራሱ መረጃ ነው፤ የሠራት ሰው በዘመኑ የታወቀውን ይዞ ነው የሠራት። ደግሞ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ብርጭቆ ወረቀት ካሳየኸው ዱቄቱን ሳንባህ ነው የሚቀበለው። የተላላጠችውን ቦታ ብቻ፣ እሷኑ ብቻ፣ በቀጭን ብሩሽ ንካ ንካ አድርግ። በኋላ ሊነሳ የሚችል ውሃ ወለድ ቀለም ይሁን፣ ከአሮጌው ቀለም ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቅ።

ባሕር ዳሬው፦

እኔ በዚህ አልስማማም ቀለሟ። ሞዴል ማለት የእውነተኛዋ መርከብ ምስል ነው። ስህተት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ስህተቱን ተንከባክቦ ማቆየት ምን ይሉታል? ሰውዬው ሳሎኑ ነው የሚያስቀምጣት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ሰማያዊ ናት ግን ቀይ ነበረች" እያለ ሊያስረዳ ነው? በጥንቃቄ ከላይ ቀይ ይቀባት፣ ይገላገል።

እኔማ የጣናን ታንኳ ነው የምሠራው። ደንገሉን አድርቆ ማሰር ብቻ ነው፣ ቀለም የለ፣ ክርክር የለ።

ቀለሟ፦

ባሕር ዳሬው፣ ከዜሮ የሚሠራት ቢሆን ካንተ ቀድሜ ቀይ ቀለም የምገዛለት እኔ ነበርኩ። ይቺ ግን የሌላ ሰው የእጅ ሥራ ናት። ከላይ ቀብቶ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ሰማያዊውን ከየት ያመጣዋል? ቀይ ቫሳ ከፈለገ ኪቱ (ራስህ የምትገጣጥመው የሞዴል ዕቃ) በሽ ነው፣ የዴንማርኮቹ ቢሊንግ ቦትስ በዚሁ በ1 ለ75 ያወጡት አለ፤ እሱን ገዝቶ እንደፈለገ ያቅላት። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ደግሞ ለእንግዳው ጥሩ ወሬ ነው።

ገመዶ፦

ሁላችሁም ቀለም ላይ ተረባረባችሁ፣ ልጁን ግን የሚያደክመው ገመዱ ነው።

አንድም ገመድ ሳትቆርጥ በየአቅጣጫው ፎቶ አንሳ። የምታወጣውን ገመድ አትጣል፣ ካርቶን ላይ ለጥፈህ ከየት እንደወጣ ጻፍበት፤ ውፍረቱን የምታመሳስለው ከሱ ነው። በ1 ለ75፣ 5 ሴንቲ የሚወፍር ገመድ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ክሩ ይወፍርበትና መርከቧ መጫወቻ ትመስላለች።

ምሰሶ የሚይዙት ቋሚ ገመዶች ድሮ ቅጥራን ይቀቡ ስለነበር ጥቁር ቡኒ ይሁኑ። ሸራ የሚስቡትን ነጣ ባለ ቡኒ ሥራቸው። ክሩን በንብ ሰም ላይ ሁለት ሦስቴ ሳበው፣ ከዚያ በጣቶችህ መሃል እያሞቅክ አሳልፈው፤ ጸጉሩ ይተኛል፣ አቧራም አይዝም። ቋጠሮ ላይ ሱፐር ግሉ አታድርግ፣ ክሩን ያደርቅና እዚያው ጥግ ላይ ይሰብረዋል፣ ያብለጨልጫልም። ነጭ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥነህ በመርፌ ጫፍ ጠብ አድርግበት።

የምትጀምረው ግን ከተሰበረው የፊት ምሰሶ ነው። የቀጣዩን ምሰሶ ወደ ፊት የሚስበው ገመድ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው፣ እሱ ከዋዠቀ ሁሉም ይዋዥቃል። በኮላ ብቻ አይያዝም። ሁለቱንም ስብራት መሃል መሃላቸውን ብሳና የናስ ሽቦ ሰክተህ አጣብቃቸው። ሲደርቅ ወደ ጎን ገመዶቹ ሂድ፤ አንዱን ጥንድ በቀኝ ካሰርክ ቀጣዩን በግራ፣ እንዲህ እያፈራረቅክ። አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከዞርክ ምሰሶው ተንጋዶ ታገኘዋለህ። አጠባበቁም ልክ ይኑረው፣ ክሩ ቀጥ ካለ ይበቃል፣ እንደ ክራር እስኪጮህ አትወጥረው።

ሸራ የለም ብለህ አትዘን። ቫሳ ከአሥር ሸራዎቿ አራቱን ብቻ ዘርግታ ነው የሰጠመችው፣ ስድስቱ ታጥፈው ማስቀመጫቸው ውስጥ ተገኝተዋል። ያለ ሸራ ብትተዋት ማንም አይወቅስህም፤ እኔ ብሆን ግን አራቱን እሰቅልላት ነበር።

የሎፒስ ወዳጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። መድፉን ወረቀት ላይ ሞከርኩት፣ ግራጫ መስመር ተወ። ሳጥኑን በረንዳ አውጥቼዋለሁ፣ አናጢው እንዳልከው ጓንትም ገዝቻለሁ። ሰማያዊዋ ትቆያለች፣ ባሕር ዳሬው ይቅር በለኝ።

አሁን ያስቸገረኝ መድፎቹ የተጣበቁበት ኮላ ነው። ብነቀንቃቸው ጣውላውን ይዘው ሊመጡ ነው። በምን ይለቃል?

አናጢው፦

አትነቅንቃቸው። ኮላውን መጀመሪያ እወቀው። ቢጫ ቡኒ ሆኖ እንደ ብርጭቆ የሚሰባበር ከሆነ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራው ነው፣ ሞቅ ባለ ውሃ የራሰ ጥጥ ብታሳርፍበት ይላላል። ነጭ የእንጨት ኮላ ከሆነ በአልኮል ይለሰልሳል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጥጡን አስቀምጠህ ቡናህን ጠጣ። ሱፐር ግሉ ከሆነ አሴቶን ነው መድኃኒቱ፣ እሱ ደግሞ ቀለምና ቫርኒሽ ስለሚያነሳ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ብቻ፣ መስኮት ከፍተህ። አልኮሉም ቫርኒሽ ሊነካ ስለሚችል የማይታይ ቦታ ላይ ሳትሞክር አትጀምር። ሲላላ ሰፊ አፍ ባለው ወረንጦ ይዘህ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥታ ወደ ውጭ ሳበው። አሁንም ካስቸገረህ የአንዱን መድፍ ሥር በቅርብ ፎቶ አንሳና ላከው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።