የአዲስ አበባ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ታሪክ ከየት ይጀምራል?

የቸርችል ጎዳና፦
በብሔራዊ ቴአትር አቅራቢያ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ክርክር ተነሥቷል። አንዱ ባልደረባዬ የከተማዋን የኦርኬስትራ ታሪክ «አርባ ልጆች» ከተባለው የአርመን ልጆች የሙዚቃ ጓድ ይጀምራል፤ ሌላዋ ግን እንደ ቫዮሊን ያለ የክር መሣሪያ የሌለው ጓድ ሲምፎኒ ሊባል ስለማይችል መነሻው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው ትላለች። የትኛው ያስኬዳል? ከተማዋ ይህን ያህል ቀድማ ጀምራ ሳለስ፣ ሲምፎኒ ለምን እንደ ዘመናዊው ዘፈን ሥር አልሰደደም?

ባለ ቼሎ፦
እኔ ወደ ሁለተኛዋ ባልደረባዎ አደላለሁ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸውና ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የሚጫወቱት በናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ነበር። ኬቮርክ የደረሱት ብሔራዊ መዝሙር እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜ ዘልቋል፤ ጓዱ ግን ለሰልፍና ለአቀባበል የተቋቋመ ማርሽ ባንድ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት መሣሪያዎችም እንዲሁ የናስ ነበሩ። የክር መሣሪያ ጎልቶ የሚታየው ከነጻነት በኋላ፣ ፖላንዳዊው የቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከካይሮ መጥተው የክቡር ዘበኛን ሙዚቃ መምራት ሲጀምሩ ነው። (ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ካይሮ ሳሉ የተማሩት ከእኚሁ ሰው ነው።)

የኖታ መምህር፦
በዚህ አልስማማም። ኦርኬስትራን ኦርኬስትራ የሚያደርገው ኖታ አንብቦ የመሪን እጅ እየተከተሉ መጫወት ነው፤ ይህን ልማድ ከተማዋ ያገኘችው ደግሞ ከማርሽ ባንዶቹ ነው። የኬቮርክን የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንን ይመልከቱ፦ በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ አገርኛውን ዜማ ለትልቅ ጓድ ሲያቀናብሩ የቆሙት በዚያው መሠረት ላይ ነው።

ሥር ያልሰደደበትን ምክንያት ግን ከባለቤትነት ብንጀምር ይሻላል። ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤትና ቴአትር ቤቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጓድ ነበራቸው፤ የሁሉም የዕለት ተግባር ክብረ በዓልን ማድመቅና ድምፃዊን ማጀብ ነበር። ድምፃዊን ለማጀብ ጥቂት ትራምፔትና ሳክስፎን፣ ከበሮና ቤዝ ጊታር ይበቃሉ። ሙሉ ሲምፎኒ ግን እስከ ሰማንያ ሰው ይፈልጋል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላዩ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ የሚጫወቱ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ሰው ደመወዝ የሚከፍል ተቋም ካልጸና ጓዱም አይጸናም። ክቡር ዘበኛ ከአብዮቱ በኋላ ሲፈርስ ኦርኬስትራውም ባለቤት አጣ።

ባለ ደጋን፦
ባለቤትነቱ እውነት ነው፤ እኔ ግን ትምህርቱን አስቀድማለሁ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተሰኘውን የኦርኬስትራ ሥራቸውን ያስቀረጹት ከሃንጋሪ ኦርኬስትራ ጋር ነው። ደራሲው የእኛ ሆኖ ተጫዋቾቹ የሌላ አገር መሆናቸው ጉድለቱን በግልጽ ያሳያል። ትራምፔትን ወጣት ወታደር በጥቂት ዓመታት ሊለምደው ይችላል፤ ቫዮሊን ግን በስድስትና በሰባት ዓመት ካልተጀመረ የግራ እጅ ጣቶችና ደጋን የሚይዘው ቀኝ እጅ እምብዛም አይታዘዙም። ያሬድ የሚቀበለው ዕድሜያቸው ከዚህ ያለፈ ተማሪዎችን ስለሆነ፣ ለፒያሳው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የሚመጥን የክር ክፍል የሚወጣው ቫዮሊን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ሲጀመር ነው።