ፓይረትረምን ለውጭ ገበያ ማምረት፦ ከመትከላችን በፊት ምን እናረጋግጥ?

ጠያቂ (ከሰሜን ሸዋ)፦
የምኖረው በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ሲሆን፣ ከአባቴ በወረስኩት አንድ ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ገብስና ባቄላ እዘራለሁ። ከፊሉን እንደ ጎረቤቶቼ ባሕር ዛፍ ላለብሰው አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ በኬንያ ደጋዎች ለተፈጥሮ ፀረ ተባይ ስለሚለማው ፓይረትረም የተባለ ነጭ አበባ ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ ለሁለት ተከፍሏል። ስድስት ሆነን በአንድነት ለመጀመር እንፈልጋለን። አበባው በእኛ ከፍታ ይሆናል? ወደ ውጭ የሚላከውስ በምን መልክ ነው? ልምድ ያላችሁ ብትመልሱልን ውለታችሁን አንረሳም።

መልስ 1 (በኬንያ ናኩሩ አካባቢ የሠራ የግብርና ባለሙያ)፦
ወንድሜ፣ ቅዝቃዜው ለዚህ አበባ ጠላቱ አይደለም። ኬንያ ውስጥ የሚለማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ገደማ ጀምሮ ባሉ ቦታዎች ሲሆን፣ የሌሊት ብርድ ካላገኘው ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ አበባ በደንብ አይዝም። ውሃ የሚተኛበት መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። የእናንተ አካባቢ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እምቡጡን እንዳይጎዳው ስለምሰጋ፣ መጀመሪያ በጥቂት መደብ ሞክሩት።

ለቀማው በእጅ ነው፤ አበባው በያዘበት ወቅት በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ወደ ማሳው መመለስ ያስፈልጋል። ነጫጮቹ ቅጠሎች ወደ ጎን ተዘርግተው፣ በመሐሉ ካለው ቢጫ ክብ ከዳር ያሉት ሦስት ወይም አራት ረድፍ ጥቃቅን አበቦች ሲፈነዱ፣ ራሱን በሁለት ጣት ይዞ ያለ አገዳው መቀንጠስ ነው። ፓይረትሪን የተባለው ተባይ ገዳይ ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው በአበባው ራስ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ስለሆነ፣ አገዳ ሲቀላቀልበት ሚዛኑ ቢከብድም ጥራቱ ይወርዳል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ገዢው ነው። አበባው ከአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ከዳልማሺያ የመጣ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ከገባ በኋላ አገሪቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዓለምን ገበያ በአብዛኛው ይዛ ነበር። በፋብሪካ የሚሠሩት ተመሳሳይ ኬሚካሎች ገበያውን መሻማታቸው እውነት ነው፤ የገበሬውን ልብ የሰበረው ግን ያስረከበው አበባ ዋጋ በጊዜው አለመከፈሉ ነው። የማውቃቸው ቤተሰቦች ክፍያ ሲጠብቁ ከርመው፣ ዓመታት የለፉበትን አበባ በገዛ እጃቸው ነቅለው ድንች ተክለዋል። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ገበያው ለግል ገዢዎች የተከፈተው በ2013 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ ነው፤ እስከዚያው ድረስ በማሽን የሚያጭዱት የአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ገበሬዎች ቀዳሚነቱን ወስደውታል። ስለዚህ ገዢው ማን እንደሆነና በስንት ቀን እንደሚከፍል በጽሑፍ ሳትይዙ መሬታችሁን አትልቀቁ።

መልስ 2 (በማድረቅና በጥራት ምርመራ የሠራች)፦
የቀደሙኝ ወንድም ባሉት ላይ ስለ ማድረቁ ልጨምር፤ ብዙ ልፋት መና የሚቀረው እዚያ ነውና። እርጥብ አበባ ጆንያ ውስጥ ታጭቆ ሲያድር ይግላል፤ ጠዋት እጅዎን መሐሉ ቢከቱት ሙቀቱ ይሰማዎታል፣ ቀለሙም ቡናማ ሆኖ ያገኙታል። በተለቀመበት ቀን፣ እንደ ቡና ማድረቂያ አልጋ ባለ ወንፊት ላይ በስሱ ተበትኖ፣ እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ መድረቅ አለበት። አንድ ኪሎ ደረቅ ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ይፈልጋል። ብርሃን ፓይረትሪንን ስለሚያፈርሰው፣ የደረቀው ጨለማና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ጥሩ ደረቅ አበባ ውስጥ ያለው ፓይረትሪን ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ክፍያው በኪሎ ብቻ ሳይሆን በቤተ ሙከራ በሚለካው በዚህ መጠን እንዲሆን ተዋዋሉ፤ ናሙናው ሲወሰድም ከእናንተ አንድ ሰው ይቁም፣ ግማሹም በእጃችሁ ይቅር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አበባውን ጨምቆ ማውጣትን እኛው ልንሠራው እንችላለን?

መልስ 1፦
ለስድስት ሰው አይሆንም። አብዛኛው ወደ ውጭ የሚሄደው በኬሚካል ማሟሟያ ተለይቶ የወጣውና የተጣራው ነው፤ ፋብሪካውም ሥራ እንዳይፈታ የብዙ ሺህ ገበሬ ምርት ያስፈልገዋል። የእናንተ ድርሻ በደንብ የደረቀ አበባ ማቅረብ ነው። ሆኖም ደረቁ አበባ ተፈጭቶ ዱቄቱ ነቀዝን ስለሚገድል፣ ገዢ እስኪገኝ ለጎተራ የሚሆን አጠቃቀሙን ከወረዳችሁ የግብርና ባለሙያ ጋር ተማከሩበት።

ጠያቂ፦
እንግዲያው ባሕር ዛፉንም አበባውንም ለጊዜው አቆይቼ፣ ከስድስታችን በሦስታችን ማሳ፣ አንዱ ከተዳፋቱ ላይ፣ አንዱ ከሜዳው፣ አንዱ ከወንዙ ዳር፣ ጥቂት ጥቂት መደብ ልንሞክር ተስማምተናል። ከውርጩ የተረፈውን አድርቀን ናሙናውን ለገዢዎች እንልካለን፤ የመክፈያ ቀኑን በጽሑፍ የሚሰጠን ካገኘን ያኔ እንተክላለን።